እጅ ሲያርፍ ድምፁ የት ይግባ? በአካል እንቅስቃሴ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መድረክ ላይ ስለመጫወት

እንደምን አመሻችሁ? የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ወንበር አለ።

በጥያቄ እንጀምር። አንድ ሙዚቀኛ እንቅስቃሴ የሚያነብ ሴንሰር የተሰፋበት ጓንት አጥልቆ መድረክ ላይ ቆሟል እንበል። ቀኝ እጁን ሲያነሳ ዜማው ይቀጥናል፣ ሲያወርድ ይወፍራል። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል። በዚህ መሀል አፍንጫውን በላው። ምን ይበጀዋል? እጁን ቢያነሳ ዜማው ሽቅብ ይተኮሳል። ቢተወው ሐሳቡ ሁሉ አፍንጫው ላይ ይቀራል።

የዛሬው ንግግር ስለዚህ አፍንጫ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። እንቅስቃሴን ወደ ድምፅ መቀየር ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። ከባዱ ነገር መሣሪያው ሰውየው የማይጫወትበትን ጊዜ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ክራር ይህ ችግር የለበትም። ደርዳሪው እጁን ከክሩ ካነሳ በኋላ ላቡን ቢጠርግ፣ ወዳጁን በእጁ ሰላም ቢል፣ ክራሩ ግድ የለውም። ንክኪው ይለይለታል። አየር ላይ ስንጫወት የምናጣው ይህንን ንክኪ ነው።

ቀደምቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሜን እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ የሠራው ቴርሚን ሳይነካ የሚጫወት መሣሪያ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው አንቴና የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ይወስናል፤ በጎን የወጣው ቀለበት መሳይ ደግሞ የጩኸቱን ልክ። ልብ በሉ፣ ግራ እጅ ወደ ቀለበቱ ሲጠጋ ድምፁ ይጠፋል። ሰውየው አንዱን እጅ ለዜማ ሲሰጥ ሌላውን ለዝምታ ሰጠው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሆላንዳዊው ሙዚቀኛ ሚሼል ቫይስቪስ አምስተርዳም ላይ ይዞት የቀረበው፣ ሁለት እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያም ሴንሰር ብቻ አልነበረም፤ ጣቶች ሥር የሚጫኑ ቁልፎች ነበሩት።

እኛም ዘንድ እንቅስቃሴና ዜማ ተለያይተው አያውቁም። እዚሁ ጣና ዳር፣ ዘጌም ሆነ ደሴቶቹ ላይ ማኅሌት ሲቆም የመቋሚያውን ውዝዋዜ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያው መቋሚያ ለዝማሜ ይነሳል፤ ዝማሜው ሲያበቃ ባለቤቱ ይደገፈዋል። የሚያዜመውና የሚያሳርፈው አንድ እንጨት ነው። ጥሩ መሣሪያ እንዲህ ነው።

መፍትሔውን የባጃጅ ሹፌር ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮን ነው። ግራ እጁ ላይ ያለውን ሳይጨብጥ ማርሽ አይቀይርም፤ ሲጨብጥ ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማው ግን አይነዳም። ለእንቅስቃሴ መሣሪያም ይህ ያስፈልገዋል፤ ሴንሰሩ ሁልጊዜ ያንብብ፣ ንባቡ ድምፁ ዘንድ የሚደርሰው ግን እናንተ ስትፈቅዱ ብቻ ይሁን። ርካሹ መንገድ የኪቦርድ ፔዳል ነው። ጓንት ላይ ከሆነ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጨርቅ ለጥፋችሁ ሁለቱ ሲነካኩ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። የጨርቅ ንክኪ ስለሚንቀጠቀጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሴኮንድ ያልጸናን ለውጥ ፕሮግራሙ ይናቀው። ጡጫ መጨበጥን እንደ ፍሪሲዮን መጠቀምም አለ። እኛ አንመክረውም፤ ሰው ሲደነግጥም ሲደሰትም ይጨብጣል።

ፍሪሲዮን ስታስገቡ አንድ ሌላ ችግር ይመጣል። ለቅቃችሁ እጃችሁን ወደ ታች አወረዳችሁ፤ መልሳችሁ ስትይዙ እጃችሁ ያለበት ቦታ ከቀድሞው ይለያል፤ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ፣ ከያዛችሁበት ቅጽበት ጀምሮ የተንቀሳቀሳችሁትን ልዩነት ብቻ በቀድሞው ላይ መደመር ነው። ሌላው፣ እጁ የቀድሞውን ቦታ እስኪያልፍ ድረስ መጠበቅና ከዚያ በኋላ ብቻ መከተል። ለፊልተር (የድምፁን ድምቀት ለሚከፍተውና ለሚዘጋው) እና ለጩኸት ልክ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለዜማ ሁለተኛው።

አሁን ወደ ሥራው። ለመጀመር ስልክ፣ ራውተርና ላፕቶፕ በቂ ናቸው። ራውተሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ባይኖረው ይመረጣል፣ በመሀል ማሻሻያ ላውርድ የሚል ስልክ አይኖርም። ለላፕቶፑ የማይለዋወጥ አድራሻ ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። አንድሮይድ ላይ ሴንሰርስ ቱ ኦኤስሲ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ የስልኩን ሴንሰሮች ንባብ ወደዚያ አድራሻ፣ ለምሳሌ በፖርት 9000፣ ይልካል። የሚላክበት ቋንቋ ኦፕን ሳውንድ ኮንትሮል ወይም በአጭሩ ኦኤስሲ ይባላል። ላፕቶፑ ላይ ፒዩር ዳታ ጫኑ፤ ሳጥኖችን በመስመር እያያያዙ ድምፅ የሚሠሩበት፣ ሚለር ፓኬት የጀመረው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። ኔትሪሲቭ የተባለው ሳጥን ይቀበላል፣ ኦኤስሲፓርስ ይተረጉማል፣ ራውት ይለያል። ሁሉም ልክ ሆኖ ቁጥር ካልመጣ፣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ፋየርዎል ተመልከቱ።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ሦስት ቁጥር ታያላችሁ፤ ሁለቱ ወደ ዜሮ፣ ሦስተኛው ወደ 9.8። ያ የመሬት ስበት ነው። ስልኩን ስታዘነብሉት ስበቱ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ይከፋፈላል፤ ከዚያ የዘንበሉን ማዕዘን ማስላት ይቻላል። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ስልክ ዘንበል ማለትን እንጂ ከፍታን አያውቅም። ከፍጥነት ለውጥ ተነስቶ ከፍታን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ማጠራቀም ያስፈልጋል፣ ትንሿ ስህተት አብራ ትጠራቀማለች፣ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ እጃችሁ ጣሪያ በስቶ እንደወጣ ያስባል። ስለዚህ እጅን ከፍና ዝቅ ማድረግ ሳይሆን የእጅ አንጓን ማዘንበል ተለማመዱ።

ወደ ቅኝት እንምጣ። ትዝታ ሜጀርን በሁለት ኦክታቭ እንጫወት ካልን ዐሥር ድምፅ አለን። አንድ ቁጥር ግማሽ ድምፅ (ሰሚቶን) ነው፤ መነሻውን 60 ብንለው 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ 12 መጨመር ነው። ለአምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68። የእጅ አንጓውን 90 ዲግሪ ለዐሥር ብንከፍል ለአንድ ድምፅ 9 ዲግሪ ይደርሰዋል። ሆኖም ድንበሩ ላይ የቆመ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱ ድምፆች እየተፈራረቁ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። መድኃኒቱ ድንበሩን ማወፈር ነው፤ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ድንበሩን 2 ዲግሪ ማለፍ፣ ለመመለስም በተቃራኒው 2 ዲግሪ ማለፍ ግዴታ ይሁን። የክራር ቃኚ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ "ይህ የፒያኖ ቅኝት ነው" ብሎ ፊቱን ያኮማትራል፣ እውነቱን ነው። ፒዩር ዳታ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ስለሚቀበል 64ን በጆሮ እየሰማችሁ 63.9 ወይም 63.8 ማድረግ ትችላላችሁ። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች በሚነጋገሩበት በተለመደው ቋንቋ፣ በሚዲ ግን አንድ ቁጥር ከ0 እስከ 127 ስለሆነ እንዲህ ያለ ቅንስናሽ አይኖርም፤ የድምፅ ማጠፊያው ብቻ ነው 16,384 እርከን ያለው።

ሽግግሩ እንዳይዘል እንደ መሲንቆ አሸራትቱት። መሲንቆ መርገጫ የለውም፣ ጣት ክሩን ከጎን ይነካል፤ ባለሙያው ግን ክሩን ይሰማዋል። አየር ላይ ለጣት የሚሰማ ነገር ስለሌለ ጆሮ ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ የሚንሸራተት ዜማ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በተከፈለ ድንበር እንድትለምዱ የምንመክረው።

የሴንሰር ንባብ ሸካራ ነው፤ ማለስለስ ያስፈልጋል። የተለመደው ቀመር አጭር ነው፤ አዲሱ ቁጥር ማለት የቀድሞው ሲደመር፣ አሁን በተነበበውና በቀድሞው መካከል ያለው ልዩነት 0.1 እጥፍ። ስልኩ በሴኮንድ 100 ጊዜ ካነበበ ይህ ወደ 100 ሚሊ ሴኮንድ የሚጠጋ መጎተት ያመጣል። 0.1 የነበረውን 0.3 ብታደርጉት መጎተቱ ወደ 30 ይወርዳል፣ ሸካራነቱ ግን ይመለሳል። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት የለም። ለፊልተር 0.1 ጥሩ ነው።

ለእስክስታ ግን 0.1 መርዝ ነው። ትከሻ ላይ ሴንሰር ማሰር እዚህ አገር ለሚጫወት ሰው ከእጅ ይልቅ የሚያዋጣ መንገድ ይመስለናል፤ ተመልካቹ ትከሻ ማንበብ ያውቅበታል። ትከሻው በሴኮንድ አራት ጊዜ ቢርገፈገፍ፣ ያ የ100 ሚሊ ሴኮንድ ማለስለሻ ከእንቅስቃሴው አንድ ሦስተኛ ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ያስተርፋል። ድካሙ ሁሉ ቅቤ ሆኖ ይቀልጣል። ስለዚህ ለትከሻ ሌላ ስልት ያዙ። በሁለቱም ትከሻ ላይ አንዳንድ ሴንሰር እሰሩ፣ ሰፊ ላስቲክ ተጠቅማችሁ አጥንቱ ላይ፤ ሥጋው ላይ ከሆነ ሴንሰሩ ለብቻው ይርገበገባል። የአንዱን ንባብ ከሌላው ቀንሱ፤ ሰውየው ሲራመድ ወይም ሲዘል ሁለቱም እኩል ስለሚንቀሳቀሱ ይጣፋሉ፣ የሚቀረው የትከሻው ጨዋታ ብቻ ነው። የቀረውን አሉታዊ ምልክቱን ጥላችሁ በ200 ሚሊ ሴኮንድ አለስልሱት። አሁን በእጃችሁ ያለው ቦታ ሳይሆን ጉልበት ነው። ትከሻው ሲግል ፊልተሩ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይዘጋል። እዚህ ላይ ፍሪሲዮን እንኳ አያስፈልግም፤ ያልተርገፈገፈ ትከሻ ዜሮ ነው።

ምት መምታት ሌላ ጣጣ ነው። እጅ እንደ ከበሮ መቺ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ ሲቆም ደግሞ በተቃራኒው ይደነቃቀፋል። ሴንሰሩ ሁለቱንም ስለሚያይ አንድ ምት ሁለት ይሆናል። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፤ ዐይን ምቱን የሚያየው እጅ በቆመበት ቅጽበት ነው። የሦስቱን ቁጥሮች ድምር ኃይል ወስዳችሁ፣ ለምሳሌ 20 ሲያልፍ ምቱ ይነሳ፣ ከ12 በታች ሳይወርድ ሌላ ምት አይቀበል፣ ከዚያም ላይ 120 ሚሊ ሴኮንድ ዝም ይበል። ቁጥሮቹን ለእጃችሁ አስተካክሉ። በእረፍት ጊዜም 9.8 እንዳለ አትርሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ምቱ ይዘገያል። እንደምሩት። ሴንሰሩ እስኪያነብ እስከ 10 ሚሊ ሴኮንድ፣ ዋይፋይ ሲቀናው 5፣ የድምፅ ካርዱ 12፣ ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ስለሚፈጅ ሦስት ሜትር ላይ ካለ ስፒከር 9። ሠላሳ ስድስት ሆነ። ለምት መሣሪያ የሙያው ሰዎች የሚይዙት ልክ 10 ነው። ከመዘግየቱም የባሰው መለዋወጡ ነው፤ እኩል የሚዘገይን ነገር እጅ ይለምደዋል፣ አንዴ 20 አንዴ 60 የሚሆነውን ግን ማንም አይለምደውም። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ከበሮውን ለማሽኑ ወይም ለእውነተኛ ከበሮ መቺ ስጡት፣ እንቅስቃሴን በዝግታ ለሚለወጥ ነገር ያዙት። የግድ ምት ካላችሁ ሽቦ ተጠቀሙ፤ የዩኤስቢ ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ይሄዳል።

ጓንት መሥራት ለምትፈልጉ አጠር አድርጌ ልበል። ኢኤስፒ32 የተባለች ዋይፋይ ያላት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ኤምፒዩ-6050 የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ሁለት ወይም ሦስት የጣት መታጠፊያ ሴንሰር። አምስቱንም ጣት አትሸፍኑ፤ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ለየብቻ አይታዘዙም። የ2.2 ኢንቹ መታጠፊያ ሴንሰር ሲዘረጋ ወደ 25 ኪሎ ኦም ነው፣ ሲታጠፍ ይጨምራል። በ3.3 ቮልት ላይ ከ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ብታያይዙት፣ ሲዘረጋ ወደ 2.15 ቮልት፣ 100 ኪሎ ኦም ሲደርስ ወደ 1.05 ታነባላችሁ። ገመዱን ከቁጥር 32 እስከ 39 ካሉት መግቢያዎች ላይ አድርጉ፤ ሌሎቹ የአናሎግ መግቢያዎች ዋይፋይ ሲከፈት ሥራ ያቆማሉ፣ ብዙ ሰው ሴንሰሩ ተቃጠለ ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። የዋይፋዩን የኃይል ቁጠባም በፕሮግራሙ አጥፉት፤ ካልጠፋ ቦርዱ እያንቀላፋ ይልካል። ሴንሰሩ የሚሰበረው መሀሉ ላይ ሳይሆን እግሮቹ ከላስቲኩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ አጠንክራችሁ ስፉት።

በዚህ ጓንት ግራና ቀኝ መዞርን እንደ ዋና መቆጣጠሪያ አትያዙ። ላይና ታች መዘንበልን ስበት ያርመዋል፤ በአግድም መዞርን ግን የሚያርመው ስለሌለ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ኮምፓስ ይጨመር ቢባል መድረክ ላይ ያለ ስፒከር ሁሉ ማግኔት ነው። ከእያንዳንዱ ዜማ በፊት እጅን ሁለት ሴኮንድ አሳርፎ መነሻውን እንደገና መውሰድ ይሻላል። ለታዳሚው ደግሞ ይህ እንደ ጸጥታ ይታየዋል እንጂ እንደ ጥገና አይታየውም።

ካሜራ የምትመርጡ ከሆነ፣ ቦታው ይፈትናችኋል። ባሕር ዳር ከጣና በስተደቡብ ናት። ታዳሚው ሐይቁን እንዲያይ ተብሎ መድረኩ ጀርባውን ለሐይቁ ከሰጠ ተጫዋቹ ወደ ደቡብ ያያል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ መጥለቂያዋ የምታዘነብለው ፀሐይም በቀኙ ትመጣበታለች። ሊፕ ሞሽንን የመሰሉ መሣሪያዎች እጅን የሚያዩት በዐይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፣ ፀሐይ ደግሞ የዚህ ብርሃን ምንጭ ናት። ግራ እጅ ደህና ሲሆን ቀኝ እጅ ይጠፋል። ወይ ጥላ ሥሩ፣ ወይ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምሩ። ሲመሽ ደግሞ የላፕቶፕ ካሜራ በጨለማ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሴኮንድ 30 ምስል የነበረው 15 ይሆናል፣ በምስል መካከል ያለው ጊዜ ከ33 ወደ 67 ሚሊ ሴኮንድ ያድጋል። እጃችሁ ላይ ለብቻው መብራት አድርጉ፣ ከኋላ ቀለል ያለ ወጥ መጋረጃ ይኑር፣ የካሜራውንም ማስተካከያ 50 ኸርዝ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ አምፖሉ በምስሉ ላይ መስመር ይጥላል። መብራቱ የሐይቅ ዳር ነፍሳትንም ይጠራል፤ ከካሜራው ፊት የምታልፍ አንዲት የእሳት እራት እንደ ጣት ልትቆጠር ትችላለች። ነጠላ የምትለብሱም የሐይቁን ነፋስ አስቡ።

መብራት ሲሄድ ስልኩም ላፕቶፑም ባትሪ አላቸው፣ ይቀጥላሉ። የሚሞተው ራውተሩ ነው። መብራት በአንድ ሴኮንድ ቢመለስም ራውተሩ ተነስቶ እስኪያገናኝ ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። ለራውተሩ ባትሪ ይኑረው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ደግሞ የከፋው ነገር ዝምታው ሳይሆን አለመዝጋቱ ነው። "ድምፁን ጀምር" የሚለው መልእክት ደርሶ "አቁም" የሚለው መንገድ ላይ ከቀረ ያ ድምፅ ሳይቋረጥ ይጮኻል። ስለዚህ ጀምርና አቁም አትላኩ፤ እጁ አሁን ያለበትን ሁኔታ በሴኮንድ 50 ጊዜ ላኩ፣ አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ይተካዋል። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ለ300 ሚሊ ሴኮንድ ምንም ካልመጣ ድምፁ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ አድርጉ። በሚዲ የምትሠሩ ከሆነ የኮንትሮል ቁጥር 123 ሁሉንም ድምፅ ያጠፋል፤ ለእርሷ ብቻ አንድ ቁልፍ ይኑራት።

ልምምዳችሁን በስልክ ቅረጹና ድምፁን ዘግታችሁ ለሌላ ሰው አሳዩት። ድምፁ የት ጀመረ፣ የት ቆመ? ብላችሁ ጠይቁት። የጀመረበትን ቶሎ ያገኘዋል። የቆመበትን ካላገኘ ፍሪሲዮናችሁ አይታይም ማለት ነው፣ እጁን ወይም ፔዳሉን ለዐይን አጉሉት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ጓንቱ እጄ ላይ ነው፣ ትዝታው ይሄዳል። ራውተሩ ያቺ ነጭ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል፣ ዛሬ ሆን ብለን ባትሪ አላደረግንለትም። ዜማው መሀል ላይ ሲደርስ ከእናንተ አንድ ሰው ይንቀለው። ሲጠፋ ስሙት። ከዚያ መልሳችሁ ሰክታችሁ እስኪነሳ ድረስ ባለችው ጊዜ ጥያቄዎቻችሁን እንቀበላለን።